ሳበው! የሚለው ረዳት፦ ከደም ካንሰር ጋር አሥር ዓመት

መጀመሪያ የነገረኝ ቀበቶዬ ነው። በ2006 ዓ.ም. ክረምት አንድ ቀዳዳ በምስማር በሳሁበት። መስከረም ላይ ሌላ ጨመርኩ። ያኔ 33 ዓመቴ ነበር። ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የምውለው። ሰው እንዲህ ተቀምጦ አይከሳም።

ሌሎችም ምልክቶች ነበሩ፤ ለየብቻ ሲታዩ የማያስደነግጡ። ግማሽ እንጀራ ሳልጨርስ ጥግብ እላለሁ። በግራ በኩል ከጎድን አጥንቴ ሥር የሆነ ነገር የተወተፈብኝ ይመስለኛል። ሌሊት አንሶላው በላቤ ይርሳል። ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ይላል።

ሰፈራችን ያለ አንድ ክሊኒክ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ሦስቴም "ታይፎይድ ነው" ተባልኩ፤ ሦስቴም መድኃኒት ዋጥኩ። አገራችን ውስጥ ታይፎይድ አለብህ ያልተባለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። በመሃል አክስቴ ከወሎ መጣች። ጎኔን ዳሰስ አድርጋ "ይኼ ጣፊያ ነው፤ በእኛ ጊዜ በጋለ ብረት ይተኩሱት ነበር" አለች። እውነቱን ለመናገር፣ እስከዚያ ቀን ካዩኝ ሁሉ ትክክለኛውን ቦታ የነካችው እሷ ብቻ ናት። ብረቱን ግን እምቢ አልኩ።

በመጨረሻ ሌላ ቦታ ያገኘሁት ወጣት ሐኪም ሲቢሲ አዘዘልኝ። ተራ የደም ቆጠራ ነው፤ ክፍለ ሀገር ያለ ጤና ጣቢያም ይሠራዋል። የላብራቶሪው ልጅ ወጥቶ "ይቅርታ፣ እንደገና ደም ልውሰድ፤ ማሽኑ የተበላሸ መሰለኝ" አለኝ። ማሽኑ ደህና ነበር። ነጭ የደም ሴሌ 212,000 ነበር። የጤነኛ ሰው ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር ጻፈልኝ።

ይህን የምጽፈው እዚያ ኮሪደር ላይ በየቀጠሮዬ ለማገኛቸው አዳዲስ ታካሚዎች ነው። የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። እኔም የሠራሁት ስህተት አለ፤ እሱን ለመናገር ጊዜ ወስዶብኛል።

በሽታዬ ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ ይባላል፤ ባጭሩ ሲኤምኤል። ዶክተሯ ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችኝ። እኔ ወጣት እያለሁ ሁለት ክረምት የታክሲ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። ስለዚህ በረዳት ቋንቋ ልንገራችሁ።

የሰውነታችን ሴሎች ዝም ብለው አይባዙም። "አሁን ተባዛ"፣ "አሁን ቁም" የሚል መልእክት ሲደርሳቸው ነው። መልእክቱን የሚያቀባብሉት ፕሮቲኖች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ኤብል ይባላል። ጨዋ ረዳት ነው። ተሳፋሪ ገብቶ ሲያልቅ፣ በሩ ሲዘጋ "ሳበው!" ይላል። የቀረውን ጊዜ አፉን ዘግቶ ይቀመጣል።

እኔ ላይ የሆነው ይኼ ነው። መቅኔ ውስጥ በአንዲት ሴል ላይ፣ ክሮሞሶም ከሚባሉት የዘር መረጃ ተሸካሚ ክሮች 9ኛውና 22ኛው ቁራጭ ተለዋወጡ። 9ኛው ላይ የነበረው የኤብል ጂን ተቆርጦ ሄደና 22ኛው ላይ ካለው ቢሲአር ከሚባል ጂን ጋር ተሰፋ። ከዚህ ስፌት የሚወጣው ፕሮቲን ቢሲአር-ኤብል ይባላል። ዝም ማለት አይችልም። ተሳፋሪ ኖረ አልኖረ፣ መብራቱ ቀይ ሆነ አረንጓዴ፣ "ሳበው! ሳበው! ሳበው!" ነው። ነጭ የደም ሴል ይባዛል፤ የተባዛው ደግሞ መልሶ ይባዛል። ጣፊያም በትርፉ ሴል ተሞልታ ታብጣለች። ቀበቶዬን ያስበሳኝና እንጀራ ያስተወኝ እሱ ነበር።

ጩኸቱ እንዴት ነው? ፕሮቲኑ ከኤቲፒ ላይ፣ ማለትም ሴል ለጉልበት ከሚጠቀምበት ነገር ላይ፣ ፎስፌት ይወስድና ሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ይለጥፋል። የተለጠፈበት ይነቃል፣ እሱም ቀጣዩን ይቀሰቅሳል። ኤቲፒው መጥቶ የሚገባባት አንዲት ጎድጓዳ ቦታ አለች። ኢማቲኒብ የሚባለው መድኃኒት ቀድሞ እዚያች ጎድጓዳ ውስጥ ይሰየማል። ኤቲፒው መግቢያ ያጣል። ረዳቱ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ልብ በሉ፤ ረዳቱ ከታክሲው አልወረደም። አፉ ነው የተያዘው። እኔ ይቺን ነገር ሰማሁ እንጂ አልገባችኝም ነበር።

የዚህ ነገር ታሪክ ደስ ስለሚለኝ ትንሽ ላውራ። እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ ፊላደልፊያ ውስጥ ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ የሚባሉ ተመራማሪዎች በእንደኛ ዓይነት ታካሚዎች ደም ውስጥ አንዲት ያጠረች ክሮሞሶም አዩ። በከተማዋ ስም ፊላደልፊያ ክሮሞሶም ተባለች። በ1973 ጃኔት ራውሊ የምትባል የቺካጎ ሐኪም የክሮሞሶሞቹን ፎቶ እየቆረጠች ስትደረድር ያጠረችው ክሮሞሶም ቁራጯን ከ9ኛው ጋር መለዋወጧን ደረሰችበት። ሥራውን ቤቷ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነበር የምትሠራው፤ ልጆቿም በወረቀት አሻንጉሊት ትጫወታለች ብለው ያሾፉባት ነበር ይባላል። ከዚያ ብራያን ድሩከር የተባለ የኦሬጎን ሐኪም ኢማቲኒብን በ1998 በታካሚዎች ላይ መሞከር ጀመረ። በዚያ የመጀመሪያ ሙከራ በቀን 300 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱት 54 ሰዎች የ53ቱ የደም ቆጠራ ወደ ጤነኛ ተመለሰ። በ2001 አሜሪካ መድኃኒቱን ፈቀደች። ከዚያ በፊት ሰው በዚህ በሽታ ሲያዝ ሐኪሞች ቀሪ ዕድሜውን በጥቂት ዓመታት ነበር የሚቆጥሩት። በኢማቲኒብ ሕክምና የጀመሩ ሰዎችን በተከታተለ ትልቅ ጥናት ግን ከአሥር ዓመት በኋላ 83 በመቶ ያህሉ በሕይወት ነበሩ።

ዋጋው? የእኔ ደመወዝ የሚደርስበት አልነበረም። አምራቹ ኖቫርቲስና ማክስ ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅት በእኛ ዓይነት አገሮች ላሉ ታካሚዎች በነፃ የሚሰጡበት ፕሮግራም ነበራቸው፤ እዚህም በጥቁር አንበሳ በኩል ይሰጥ ነበር። ለመግባት ግን በሽታው የፊላደልፊያዋ መሆኑ በምርመራ መረጋገጥ ነበረበት። የእኔ ናሙና ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባል መድኃኒት እየወሰድኩ ጠበቅኩ። ቁጥሩን ያወርዳል፤ ረዳቱን ግን ዝም አያሰኝም። አዲስ ከሆናችሁና ይህን እየወሰዳችሁ ከሆነ "መድኃኒቴን ጀመርኩ" ብላችሁ አትዘናጉ፤ ዋናው ገና ነው። ማረጋገጫው የት ደረሰ እያላችሁ ጠይቁ። አታፍሩ።

ኢማቲኒብ ጀመርኩ፤ በቀን 400 ሚሊ ግራም። በስድስተኛው ሳምንት ነጭ የደም ሴሌ 6,800 ሆነ። ጣፊያዬ ገባች። ሙሉ እንጀራ በላሁ። ቀበቶዬን ወደ ድሮው ቀዳዳ መለስኩ።

ችግሩም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጤነኛ ሆንኩ።

ስለ ጎንዮሽ ጉዳቱ ላውራ፤ ስህተቴ ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ጠዋት ስነሳ ዓይኔ ዙሪያ ያብጣል። ሌሊት ባቴን ጭብጥ አድርጎ የሚይዝ ቁርጠት ከእንቅልፌ ያስነሳኛል። በባዶ ሆድ ከዋጥኩት ማቅለሽለሽ ነው፤ ቀኑ ተበላሸ። ከሁሉም የገረመኝ ግን ቆዳዬ ነው። እኔ ጠይም ነኝ፤ ጠይም ነበርኩ ማለት ይሻላል። በስምንት ወር ውስጥ ቀላሁ። መሥሪያ ቤት "ተመችቶሃል! ምን ትቀባለህ?" ይሉኛል። አንዷ የምር ቅባቱን እንድነግራት ለምናኛለች። ፊቴም ስላበጠ የወፈርኩ እመስላለሁ። ሌሎቹ ደግሞ ዓይኔን አይተው "ማታ ማታ መሸታ ቤት ነው አይደል?" ይሉኛል። ሕመሜን ለመሥሪያ ቤት አልተናገርኩም ነበርና ዝም ብዬ እስቃለሁ።

ቆዳው ለምን ቀላ? ይኼም የመልእክተኛ ፕሮቲን ጉዳይ ነው። ኪት የሚባል ሌላ ፕሮቲን አለ። የቆዳ ቀለም የሚሠሩ ሴሎች ከእሱ መልእክት ይፈልጋሉ። ኢማቲኒብ ኪትንም ያፍነዋል። ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ የደም ካንሰር የሌለበት ሰው ያንኑ መድኃኒት ሲወስድ ብታዩ አትደነቁ። አንድ ጋሼ አሉ፤ የእሳቸው የጨጓራ እጢ ነው፤ ጂስት ይሉታል። እሳቸው ላይ የሚጮኸው ኪት ራሱ ነው። "አንተ በደም፣ እኔ በሆድ፣ ኪኒናችን አንድ" ይሉኛል። እሳቸውም ቀልተዋል።

እንግዲህ ስህተቴ።

ሠርግ ያለ ቀን ዓይኔ እንዳያብጥ ብዬ ዋዜማውን እተወዋለሁ። መስክ ስሄድ እረሳዋለሁ። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም ኪኒኑን ለማታ እያልኩ፣ ማታም እንቅልፍ እየወሰደኝ ያልፋል። በዚያው ዓመት እናቴ ጠበል ወሰደችኝ። ሁለት ሳምንት ቆየሁ። እዚያ የነበረ አንድ ሰው "ጠበልና ኪኒን አብሮ አይሆንም፤ እምነትህ ጎደለ ማለት ነው" አለኝ። ካህን አልነበረም፤ እንደኔው ሊጠመቅ የመጣ ሰው ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልዋጥኩም። ምንም አልሆንኩም። እንዲያውም ዓይኔ ሟሸሸ፣ ባቴ ተኛልኝ። "ድኛለሁ ማለት ነው" ብዬ አሰብኩ።

የማናየው ነገር ይኼ ነው። ኢማቲኒብ በ18 ሰዓት ገደማ ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ይቀንሳል። አንድ ቀን ስትዘሉ እጁ ከረዳቱ አፍ ላይ እየላላ ነው። ረዳቱ ደግሞ እንቅልፍ የለውም። ሰውየው ግን ምንም አይሰማውም፤ ሲቢሲው ራሱ ለወራት ደህና ሊመስል ይችላል። የሚያጋልጠው ፒሲአር የሚባለው ምርመራ ነው፤ የቢሲአር-ኤብልን መጠን በመቶኛ ይለካል። በሦስተኛው ወር ከ10 በታች፣ በስድስተኛው ከ1 በታች፣ በዓመቱ ከ0.1 በታች እንዲሆን ይፈለጋል። ለቲቢ የምናውቀው ጂን ኤክስፐርት ማሽን የራሱ ካርትሪጅ ከተገኘ ይህንንም ይሠራል፤ ስለዚህ ስትቀጠሩ "ፒሲአሬ መቼ ነው?" በሉ። የእኔ በዓመቱ 0.3 ነበር፤ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር ማለት ነው። ከጠበሉ ወራት በኋላ 9 ሆኖ መጣ።

ዶክተሯ ወረቀቱን አስቀመጠችና "መድኃኒቱን ትዘላለህ እንዴ?" አለችኝ።

"አንድም ቀን አልዘለልኩም" አልኳት። ፊቷ ላይ እያየሁ።

ለምን እንደዋሸሁ እስከ ዛሬ አስባለሁ። በነፃ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ከፕሮግራሙ ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም አፈርኩ። እሷ ግን አመነችኝ። ካመነችኝ ደግሞ ሌላ ምክንያት መፈለግ ነበረባት። ፕሮቲኑ ቅርጹን ቀይሮ ይሆናል አለች። አንዳንዴ ጎድጓዳዋ ትለወጥና መድኃኒቱ አይገጥምም። ቲ315አይ የሚባል ለውጥ ከሆነ ኢማቲኒብ ብቻ ሳይሆን ተከታዮቹ ዳሳቲኒብና ኒሎቲኒብም አይሠሩም። ስለዚህ ያንን ለማየት ናሙና ይላክ፣ መድኃኒትም ለመቀየር ይታሰብ አለች። ለእኔ ውሸት ሲባል ነው ይህ ሁሉ።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼ አጠገቤ መጡ። ነገርኳቸው። አልገሰጹኝም። "ልጄ፣ እኔም ዋሽቼ አውቃለሁ። ተመለስና ንገራት፤ ካርድህ ሳይገባ" አሉኝ። ተመለስኩ። ዶክተሯ ሌላ ታካሚ ይዛ ስለነበር አርባ ደቂቃ በሩ ላይ ቆምኩ። ነገርኳት። የጠበቅኩት ቁጣ አልመጣም። ካርዴን ስባ የጻፈችውን ሰረዘችና "በወር ስንት ቀን?" ብቻ አለችኝ። ቆጠርነው። ከጠበሉ ውጪ በወር አራት፣ አምስት ቀን ነበር።

ለንደን ሐመርስሚዝ ሆስፒታል የተሠራ ጥናት እንዳለ ያን ቀን ነገረችኝ። የኪኒኑ ጠርሙስ ክዳን በተከፈተ ቁጥር የሚመዘግብ ቆጣሪ ነበረው። መድኃኒታቸውን ከ90 በመቶ በላይ የወሰዱት ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥሩ ውጤት ላይ ደርሰዋል፤ 90 እና ከዚያ በታች ከሆኑት ግን ከሦስት አንድ እንኳ አይሞላም። ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ አልኳችሁ፤ 90 በመቶ ማለት በወር ሦስት ቀን መዝለል ነው። የእኔ ከዚያም ይብሳል።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ልንገራችሁ፤ ለእኔ ስለሠራ ነው፤ ለእናንተ ሐኪማችሁ ይወስን። ኪኒኑን ከምሳ ጋር አሰርኩት፤ ምሳ በልቼ፣ በትልቅ ብርጭቆ ውኃ። ምሳ የማይረሳ ሰው ኪኒንም አይረሳም። በጾም ወቅት ወደ ዘጠኝ ሰዓቱ ምግብ አዛውረዋለሁ፤ በየቀኑ ያችኑ ሰዓት ነው፤ የንስሐ አባቴንም አማክሬያለሁ። "ጠበሉን ጠጣ፣ ኪኒኑንም ዋጥ" ነው ያሉኝ፤ ጠበል ያስጀመረችኝ እናቴም ከዚያ በኋላ አፏን ዘጋች። ባዶውን ማሸጊያ አልጥልም፤ በየቀጠሮው ለፋርማሲዋ አሳያለሁ፤ እኔው ራሴን የምቆጣጠርበት ነው። ለቁርጠቱ ውኃ መጠጣትና ከመተኛት በፊት ባቴን መሳብ ረድቶኛል። ለዓይኔ እብጠት ትራስ ከፍ አደረግኩ፣ ጨው ቀነስኩ። መሥሪያ ቤት ለቅርብ አለቃዬ ነገርኩ፤ የቀረው ይጠጣል ቢል ይበል።

ሌላ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ ኢማቲኒብ እንደምትወስዱ ተናገሩ። በተለይ የቲቢ መድኃኒት፤ ውስጡ ያለው ሪፋምፒሲን ኢማቲኒብን ቶሎ ከሰውነት ያስወጣዋል፤ ስለዚህ ሐኪሞቹ አስቀድመው መነጋገር አለባቸው። ግሬፕፍሩት ደግሞ በተቃራኒው መጠኑን ከፍ ያደርገዋል። ያገር መድኃኒትም ከሆነ አትደብቁ። እህቶቼ፣ ይህን እየወሰዳችሁ ማርገዝ ለጽንሱ አደጋ አለው፤ ማርገዝ ስትፈልጉ አስቀድማችሁ ተመካከሩ። ለእኔ ለወንዱ ግን ዶክተሯ ማቆም አያስፈልግህም ብላኝ ልጅ ወልጃለሁ። ጠይም ናት፤ የድሮውን መልኬን ወሰደች።

"ይተላለፋል ወይ?" ለሚለው፣ አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ በመተኛት፣ በደምም በትንፋሽም አይደለም። "ከዘር ነው ወይ?" ለሚለውም አይደለም፤ ስፌቱ የተሠራው ከተወለድኩ በኋላ መቅኔ ውስጥ ባለች አንዲት ሴል ላይ ነው፤ ልጄ ከእኔ አትወርሰውም። ከታወቁት ምክንያቶች አንዱ ከፍተኛ ጨረር ነው፤ ከሂሮሺማና ናጋሳኪ የተረፉ ሰዎች ላይ በርክቶ ታይቷል። አብዛኞቻችን ግን ምክንያቱ አይታወቅልንም። እናቴ "የማን ዓይን ነው?" ስትል ብዙ ጎረቤት ጠርጥራለች። ምስኪኖች፤ ይቅር ይበሏት።

ፒሲአሬ በሦስት ወር ከ9 ወደ 2 ወረደ፤ በዓመቱ 0.08 ሆነ። የለውጥ ምርመራው ሳያስፈልግ ቀረ። ካለፉት አምስት ዓመታት ወዲህ ከ0.01 በታች ነው።

ባለፈው ቀጠሮ ስለ ማቆም ጠየቅኳት። ለዓመታት ውጤታቸው በጣም ጥልቅ ሆኖ የቆየ ሰዎች በሐኪም ቁጥጥር ሥር ሊያቆሙ እንደሚችሉ አንብቤያለሁ። እውነት ነው አለች፤ ግን ካቆሙት ገደማ ግማሹ ላይ ይመለሳል፤ አብዛኛውም በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ፒሲአር በየወሩ ያስፈልጋል። "በየወሩ ሳይቋረጥ የምናገኝበት ቀን ሲመጣ ቁጭ ብለን እናወራለን" አለችኝ። እስከዚያው የሦስት ወር ኪኒኔን ተቀብዬ ወጣሁ። ጋሼ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። "ቆጠርከው?" አሉኝ። ሁልጊዜ ይኼን ነው የሚሉኝ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት፤ ዘጠና ነው።